ጓንጉልና ጠመንጃ አስመራጩ ቆቅ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ከሩቅ የሚሰማ ሰው ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ደግሞ ከራሱ ይጨምራል።

ድሮ ነው። ሰውና አውሬ በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ በአንድ ማሳ የሚጣሉበት ዘመን ነበር። አገሩም አንድ አገር ነው፤ ለእኔ የነገሩኝ ሰዎች ስሙን ረስተውታል፣ እኔም ስም አላወጣለትም። ብቻ ደጋው አልቆ ቆላው ሊጀምር ሲል ካለው ተረተር ላይ ጓንጉል የሚባል ሰው ይኖር ነበር፤ ከሚስቱ ከአንጓችና ከአራት ልጆቹ ጋር።

ጓንጉል ገበሬም ነው፣ አዳኝም ነው። በዚያ አገር ደግሞ ሁለቱን ሳይሆኑ መኖር አይቻልም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ከላይ ወፉ ይወርድበታል፣ ከታች ጃርቱ ይቆፍርበታል፣ ከጎን ድኩላውና ሚዳቋው ይገቡበታል። ጓንጉል ታዲያ ጠመንጃውን ይዞ ማማው ላይ ይወጣና አንዱን ጥሎ አሥሩን አስደንግጦ ይመልሳል። ሚዳቋ ወይም ጅግራ የጣለ ቀን አንጓች ወጥ ትሠራለች፣ ልጆቹም ጣታቸውን እየላሱ ያድራሉ። እንግዲህ ያ ጠመንጃ የቤቱ ዘበኛም የቤቱ ወጥም ነበር ማለት ነው።

ጠመንጃው ከአባቱ የወረሰው ነበር። እንደ ጦር ሜዳ ጠመንጃ አንድ እርሳስ ብቻ የሚተፋ አይደለም፤ እርሳሱን እንደ ዘር እፍኝ ሙሉ የሚበትን የአደን ጠመንጃ ነው። አንድ ክረምት ጓንጉል ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ከረመ። መስከረም ጠብቶ ሊያወርደው ሲይዘው ሰደፉን ምስጥ ጨርሶት ኖሮ እጁ ላይ እንደ ዱቄት ፈሰሰ። አፈሙዙንም ዝገት በልቶት፣ ወደ ፀሐይ አዙሮ ሲያይበት በሦስት ቀዳዳ ሰማይ ይታያል። ማሽላው ደግሞ ራሱን ማዘንበል ጀምሯል። አዲስ ጠመንጃ መግዛት ግድ ሆነ።

ጓንጉል ልቡ ደግ፣ እጁም የማይስት ሰው ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልተፈጠረለትም፤ ብቻውን መምረጥ አይችልም። በሬ ሲገዛ ሰባት ሰው ይጠይቃል። ቤቱን የሠራ ጊዜ በሩ በየት በኩል ይሁን ብሎ ጠየቀ፤ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ፣ አንዱ ነፋስ በማይገባበት ስላሉት ቤቱ ሁለት ዓመት ያለ በር ከረመ። አንጓች የበኩር ልጇን አርግዛ በጓሮ በተተወች ቀዳዳ እየተንፏቀቀች ትገባ ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን እሱ በሌለበት መጥረቢያ አንስታ ደስ ባላት በኩል በሩን ከፈተችው። ጓንጉል ሲመለስ በሩን አይቶ፣ ማንን ጠይቀሽ ነው አላት። አንጓችም ሆዴን ጠየቅሁት አለችው።

አሁንም ለጠመንጃው ምክር ፍለጋ ወጣ። ጎረቤቱ ጥቁር ግዛ አለው። ቀጥቃጩ ከባዱን ግዛ፣ ቀላል ብረት ሰውን ያሳፍራል አለው። መሪጌታው የፈለግኸውን ግዛ፣ ቅዳሜ ቀን ግን እንዳትገዛ አሉት፤ ገበያው ደግሞ ቅዳሜ ብቻ ነበር። አንጓችን አልጠየቃትም። ሴት ስለ ጠመንጃ ምን ታውቃለች ብሎ ነው።

ራሱ ዞሮበት ወደ ቤቱ ሲመለስ ከማሳው ዳር ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ አንድ የሰባ ቆቅ ተቀምጦ አገኘ። ቆቅ እንደምታውቁት ሰው ሲያይ አንገቱን አስግጎ ይሮጣል። ይኸኛው ግን አልሮጠም። የጓንጉል ጠመንጃ ምስጥ እንደበላው አገር ሁሉ ሰምቷል፤ ከአገር ሁሉ ቀድሞ የሰማው ደግሞ ቆቅ ነው።

ቆቁ አክብሮ ሰላምታ አቀረበ። ፊትዎ ለምን ጠቆረ፣ ምን አሳሰበዎ ብሎ ጠየቀው። ጓንጉል ለጠየቀው ሁሉ መንገር የለመደ ሰው ነውና ቁጭ ብሎ ዘረዘረለት፤ ጎረቤቱ ያለውን፣ ቀጥቃጩ ያለውን፣ መሪጌታው ያሉትን። ቆቁ ራሱን እየነቀነቀ ሰማውና በመጨረሻ አዘነለት።

«አያ ጓንጉል፣ እርስዎ የጠየቁት የማያውቅ ሰው ነው» አለ። «አባቴን የገደለው ጠመንጃ ነው። አያቴን የገደለው ጠመንጃ ነው። ሁለቱን አጎቶቼንና የአክስቴን ልጅ የገደለው ጠመንጃ ነው። በዚህ አገር ከኛ ቤት በላይ ጠመንጃን በቅርብ ያየ ማን አለ?»

ጓንጉል አሰበበት። እውነትም ማን አለ? ጎረቤቱ አንድም ዘመዱን በጠመንጃ አላጣም። መሪጌታውም እንደዚያው።

«ታዲያ የትኛውን ልግዛ፣ አያ ቆቅ?» አለው።

ቆቁም ረጅሙን ይግዙ አለው። ምክንያቱንም አስረዳው። አፈሙዙ የረዘመ ጠመንጃ ገና ሳይተኩስ ወደ አውሬው ግማሽ መንገድ ይደርሳል፤ ስለዚህ ለእርሳሱ የሚቀረው መንገድ አጭር ነው። እርሳሱም ሳይደክም ይገባል። ጓንጉል ይህን ከዚህ በፊት አለማሰቡ ገረመው። የምክሩ ዋጋ አንድ ቁና ማሽላ ነው፣ ድንጋዩ ሥር ይቀመጥልኝ አለ ቆቁ። ጓንጉልም እያመሰገነ አስቀመጠለት።

ቅዳሜ ወይፈኑን እየነዳ ገበያ ወረደ። በሪሁን የሚባል የጠመንጃ ነጋዴ ሰሌን ላይ ጠመንጃዎቹን ደርድሮ ተቀምጧል። በሪሁን ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። ጓንጉል ከሁሉ ረጅሙን አንሥቶ ይኸን ስጠኝ ሲለው፣ ነጋዴው የጓንጉልን ቁመት ከላይ እስከ ታች አየና አንድ ነገር ብቻ አለው።

«ትከሻህ ላይ አድርገህ ሞክረው።»

«አልሞክርም» አለ ጓንጉል፣ «ተመርጦልኛል።»

ወይፈኑን ሰጥቶ ረጅሙን ጠመንጃ ተሸክሞ ገባ። መግባቱስ ቀላል አልሆነም። በአግድም ቢለው አልገባ፣ በቁም ቢለው ጣራውን ወጋው፤ አንጓች በመጨረሻ ጫፉን ይዛለት እንደ ወጋግራ በሰያፍ አስገቡት። ከዚያ ቁጭ ብላ ባሏን አየችው።

«ማን መረጠልህ?»

«አዋቂ መረጠልኝ።»

«አዋቂው ጠመንጃ አለው?»

«የለውም» አለ ጓንጉል፣ «ግን ዘመዶቹ በሙሉ ጠመንጃ ያውቃሉ።»

በማግሥቱ ጓንጉል ወደ ማሳው ወጣ። ሚዳቋዋ ከማሽላው መሐል ቆማ ትበላለች። አፈሙዙን ወደ እሷ ሲያዞር ጫፉ ግራሩ ውስጥ ተቀረቀረ። ከግራሩ ሲያላቅቀው ሚዳቋዋ ወደ ግራ ሄደች። ወደ ግራ ሲያዞረው ከማማው ምሰሶ ጋር ተጋጨ። ሚዳቋዋ አንድ ዛላ ጨርሳ ሁለተኛውን ጀመረች። ተኮሰ፤ ሳተ፤ ባዶ እጁን ገባ። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። ተኮሰ፤ ሳተ፤ ባዶ እጁን ገባ።

በአራተኛው ቀን ድንጋዩ ዘንድ ሄደ። ቆቁ ነገሩን ሰምቶ በጣም አዘነ። ርዝመቱ አልነበረም ጥፋቱ አለ፤ ርዝመቱስ ጥሩ ነው፣ የጎደለው ድምፅ ነው። ጓንጉል እንዴት ቢለው ቆቁ ጠጋ አለና ምሥጢር እንደሚነግር ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አያ ጓንጉል፣ አውሬ የሚሞተው በእርሳስ ይመስልዎታል? አባቴን የገደለው ጠመንጃ ነው፣ አያቴን የገደለው ጠመንጃ ነው፤ አንዳቸውም ግን በእርሳስ አልሞቱም። ድምፁን ሰምተው ልባቸው ቆመ። ከሁሉ የሚጮኸውን ይግዙ።»

ጓንጉል ይህንንም አሰበበት። የሟቹ ልጅ እየነገረው እንዴት አያምንም? ሁለተኛውን ቁና አስቀመጠና ረጅሙን ጠመንጃና አንድ ፍየል ይዞ ገበያ ወረደ። በሪሁንን ከሁሉ የሚጮኸው የቱ ነው አለው። ነጋዴው አፉ እንደ ጋን የሰፋ፣ ባሩዱን በእፍኝ የሚጎርስ አንድ አሮጌ ጠመንጃ አሳየው። ይህን ከገዙኝ ሰዎች ሁለቱ መልሰውልኛል፣ ትከሻህ ላይ አድርገህ ሞክረው አለው።

«አልሞክርም፣ ተመርጦልኛል።»

እቤት ሲደርስ አንጓች በር ላይ ጠበቀችው። ማን መረጠልህ አለችው። አዋቂ መረጠልኝ አላት። አዋቂው ይኸን ሲተኩስ አይተኸዋል ብትለው፣ አላየሁትም፣ ግን አባቱ በድምፁ ነው የሞቱት አላት። አንጓች ነገሩ አልገባትም፤ ብቻ ልጆቹን ጠርታ ወደ ውስጥ አስገባች።

ጓንጉል ማማው ላይ ወጥቶ ጅግራዎቹ እስኪሰበሰቡ ጠበቀና ቃታውን ሳበ። የዚያን ጠመንጃ ጩኸት የሰማ እስካሁን ይነግራችሁ ነበር፣ በሕይወት ቢኖር። እርሳሱ የት እንደሄደ ማንም አላወቀም፤ ጓንጉል ግን የት እንደሄደ ታወቀ፤ ከማማው ተወርውሮ ጀርባው ጭቃ ላይ አረፈ። ውሻው ሸሽቶ ሦስት ቀን ጠፋ። የጎረቤት በቅሎ ገመዷን በጥሳ ወንዝ ተሻገረች። የአንጓች ዶሮዎች እስከ ሁዳዴ እንቁላል አልጣሉም። ጅግራዎቹም በርግጥ ደንግጠዋል፤ ደንግጠው ተነሡና አንድ ዙር ዞረው ተመልሰው ማሽላው ላይ አረፉ። ልቡ የቆመ አንድም አልነበረም።

ተኮሰ፤ ሳተ፤ ባዶ እጁን ገባ። በዚህ ላይ ትከሻው አብጦ አንድ ሳምንት ተኛ። አንጓች ቅቤ እያሞቀች ስታሸው፣ ልጆቹ ተራ በተራ ወንጭፍ ይዘው ማሳው ላይ ይጮኹ ነበር። የልጅ ጩኸት ግን ወፍ እንጂ ድኩላ አይመልስም። ድኩላው ቀን በቀን መጣ፤ ጃርቱ ቤተሰቡን ይዞ መጣ።

ጓንጉል ከአልጋው ሲነሣ በቀጥታ የሄደው ወደ ድንጋዩ ነው። ቆቁ ከበፊቱ ይልቅ ወፍሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ጠበቀው። ትከሻዎ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀው። ከዚያ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ፤ ጓንጉል በዚህ ልቡ ተነካ፤ እስካሁን ከመከሩት ሰዎች ጥፋቴ ነው ያለው ማንም አልነበረም። ቆቁ ቀጠለ። አባቴን የገደለው ጠመንጃ፣ አያቴን የገደለው ጠመንጃ፣ አሁን ሳስታውሰው ለካስ ጌጥ ነበረበት፤ ሰደፉ ላይ ብር ተለብጦበት ያብለጨልጭ ነበር። አውሬ ቆንጆ ነገር ሲያይ ይቆማል። ቆሞ ሲያይ ደግሞ ማንም ይመታዋል። እርስዎስ ቢሆኑ ቆንጆ ነገር ሲያልፍ አይቆሙም ወይ አለው። ጓንጉል እቆማለሁ አለ።

ሦስተኛውን ቁና ሰጠ፤ የሚጮኸውን ጠመንጃ ሊመልስ ተሸክሞ ሁለተኛውን ፍየል ነዳ። በሪሁን ብር የተለበጠበትን ጠመንጃ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጦት ነበር። ይኸ ለሠርግ አጃቢ ነው አለው፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ አይታደንበትም፣ እስቲ ትከሻህ ላይ አድርገህ ሞክረው።

«አልሞክርም፣ ተመርጦልኛል።»

ይህን ጊዜ አንጓች ማን መረጠልህ ብላም አልጠየቀችው። ጠመንጃውን አየች፣ ባሏን አየች፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ብሩ ፀሐይ ሲያገኘው የሚዋሽ አልነበረም። ጓንጉል ገና ከደጁ ሲወጣ ከማዶው ሸንተረር ላይ ያለ ዝንጀሮ ሁሉ ያየዋል። ሚዳቋዋ በርግጥ ቆማ ታየዋለች፤ የምትቆመው ግን ሁለት ኮረብታ ርቃ ነው። እሱ ሲጠጋ እሷ ትርቃለች፤ እሱ ሲቀመጥ እሷ ማሽላው ውስጥ ትገባለች። ተኮሰ፤ ሳተ፤ ባዶ እጁን ገባ። ተኮሰ፤ ሳተ፤ ባዶ እጁን ገባ።

አንድ ጠዋት አንጓች እሸት ልትቆርጥ ማሳ ወረደች። እስከ ቀትር አልተመለሰችም። ጓንጉል ሊፈልጋት ሲሄድ ከማሳው መሐል ቁጭ ብላ አገኛት። በዙሪያዋ የቆመው አገዳ ብቻ ነው። ዛላ የቀረው ከላይኛው ጥግ ባለችው ግማሽ ማሳ ላይ ብቻ ነው። ቅርጫቷ ባዶውን አጠገቧ ተቀምጧል። ጓንጉል በየቀኑ ወደ ማሳው ይመጣ ነበር፤ ሲመጣ ግን አውሬውን እንጂ ማሽላውን አያይም ነበር። አሁን አየው። እሱም አጠገቧ ቁጭ አለ።

አንጓች አልተቆጣችም። ብትቆጣውማ ይሻለው ነበር። ረጋ ብላ፣ አራት ልጆች አሉን፣ እስከ መጪው መኸር የሚበሉት ይኸችን ጥግ ነው አለችው። ከዚያም አንገቷን አቀናችና ጠየቀችው።

«አሁን እውነቱን ንገረኝ። ያ አዋቂ ማን ነው?»

ጓንጉል መሬቱን በእንጨት ጫረ። «ቆቅ ነው» አላት።

አንጓች መጀመሪያ ያልሰማች መሰላት። አስደገመችው። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ሆዷን እስክትይዝ ድረስ አደረሳትና መሐሉ ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ጓንጉል በዕድሜው እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። አባቴን የገደለው ጠመንጃ ነው የሚለው የቆቁ ቃል አሁን ከእሱ አፍ ሲወጣ ለራሱ ጆሮም ሌላ ሆነበት። የቆቁን አባት የገደለው ጠመንጃ የማን እንደነበረም ትዝ አለው፤ የጓንጉል የገዛ አባቱ ጠመንጃ ነበር። ዘሎ ተነሣና አሁኑኑ ሄጄ እገድለዋለሁ አለ።

አንጓች እጁን ያዘችው። በዚህ ጠመንጃ እሱን ከምትመታ ራስህን ብትመታ ይቀልሃል አለችው። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ጥቂት አሰበች።

«ቆቁ ስለ ጠመንጃ ያውቃል፤ በዚህ አልዋሸህም» አለችው። «ከሱ በላይ የሚያውቅም የለም። የሚዋሽህ አፉ ነው። አፉን ተወውና እግሩን ጠይቀው።»

እግሩን እንዴት እንደሚጠይቅም አስረዳችው።

ቅዳሜ ጓንጉል የብሩን ጠመንጃ በሪሁን ዘንድ መያዣ አድርጎ አስቀመጠና የቀሩትን ጠመንጃዎች አንድ ቀን አውሰኝ አለው። ነጋዴው ምን ልታደርጋቸው ነው ሲለው፣ ልሞክራቸው ነው አለ። በሪሁን ይህን ቃል ከጓንጉል አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ስለሆነ አህያውንም ጨምሮ ሰጠው።

ጓንጉል አህያውን እየነዳ ድንጋዩ ዘንድ መጣ። ቆቁ በፀሐይ ክንፉን ዘርግቶ ይሞቃል። ጓንጉል እጅ ነስቶ፣ አያ ቆቅ፣ ሦስት ጊዜ መርጠህልኝ ሦስት ጊዜ እኔ አበላሸሁት አለው፤ ነገሩን በወሬ ስለነገርከኝ ነው መሰል፣ ዛሬ ግን ጠመንጃዎቹን ራሳቸውን አምጥቻቸዋለሁና በዓይንህ አይተህ ምረጥልኝ። ጥይት እንደሌለባቸውም አንድ በአንድ ከፍቶ አሳየው። አንድ ሙሉ ጆንያ ማሽላም ቃል ገባለት። ቆቁ ጆንያ የሚለውን ሲሰማ ዓይኑ በራ።

ጓንጉል በመጀመሪያ ረጅሙን አነሣና ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቆቁ አነጣጠረ። ቆቁ አልተነቃነቀም። ይኸ ግሩም ነው አለ፣ ይኸስ የጌታ ነው አለ። ጓንጉል አፉን አልሰማም፤ ዓይኑ የቆቁ እግር ላይ ነው። እግሩ ድንጋዩ ላይ እንደተተከለ ነው። አስቀመጠው።

ሁለተኛ የሚጮኸውን አነሣ። ቆቁ ይኸ የጀግና ነው አለ፤ በአንድ እግሩ ቆሞ በሌላው አንገቱን አከከ። አስቀመጠው። አንድ ቀጭን ጠመንጃ አነሣ፤ ቆቁ አመሰገነው፣ እግሩም ንቅንቅ አላለም። ሌላ ወፍራም አነሣ፤ ቆቁ አደነቀው፣ እንዲያውም ለማየት አንድ እርምጃ ቀረብ አለ።

ከአህያው ጭነት ሥር አንድ የቀረ ነበር። አጭር፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ ሰደፉ የወይራ እንጨት፣ ጌጥ የሚባል ያልነካው። በሪሁን ራሱ ሲደረድር ዳር ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። ጓንጉል ሲያነሣው እጁ ላይ አልከበደም፣ አልቀለለም። ትከሻው ላይ ሲያደርገው ሰደፉ ሄዶ በቦታው ተቀመጠ፤ ጉንጩ ራሱ ሄዶ ሰደፉ ላይ አረፈ፤ አፈሙዙም ዓይኑ ያየበትን ተከትሎ ዞረ።

«ይኸማ ጠመንጃ አይደለም» አለ ቆቁ። «ይኸ ለዶሮ ማባረሪያም አይሆን። ወንዝ ይጣሉት።»

አፉ ይህን ይላል፤ እግሩ ግን አንድ ወደ ኋላ ሄደ። ቀጥሎ ሌላ። ጠመንጃው ባዶ እንደሆነ ዓይኑ አይቷል፤ እግሩ ግን አልሰማም።

«አያ ቆቅ፣ ለምን ትርቃለህ?» አለው ጓንጉል በዓይኑ እየተከተለው።

ቆቁ ፀሐዩ በዛብኝ አለ። ፀሐዩ ደግሞ ከደመና ገብቶ ነበር። ጓንጉል አፈሙዙን ዝቅ ከፍ ሲያደርግ የቆቁ አንገት ገባ፣ ላባው ተኛ፣ ሦስተኛው እርምጃ ከድንጋዩ ጫፍ አወረደውና ከጀርባው ተደበቀ። ከዚያም ሆኖ ረጅሙን ይግዙ፣ ረጅሙን ይግዙ እያለ ይጮኻል።

«ገባኝ» አለ ጓንጉል። «አመሰግንሃለሁ፣ ጥሩ መረጥክልኝ።»

አህያውን እያስሮጠ ገበያ ተመለሰና ገበያው ሳይበተን ወይራውን ጠመንጃ ገዛ። በሪሁን ይኸ ከብሩ በዋጋ ያንሳል ብሎ አንዱን ፍየል መለሰለት። ጓንጉል ይኸን ጠመንጃ አስቀድመህ ለምን አላሳየኸኝም ቢለው፣ ነጋዴው አንተ መች ጠመንጃ ጠየቅኸኝ አለው፤ አንድ ጊዜ ርዝመት ጠየቅኸኝ፣ አንድ ጊዜ ጩኸት፣ አንድ ጊዜ ብር።

ማሳው ዳር ያሉት አውሬዎች ቆቁ ከድንጋዩ ላይ ወደ ኋላ ሲሄድ አይተዋል። አፉን አልጠበቁም። ሚዳቋዋ በዚያው ቀን ወንዝ ተሻገረች፣ ድኩላው ተከተላት፣ ጃርቱም ልጆቹን ሰብስቦ ወረደ። ቆቁም መሸሽ እንዳለበት ጠፍቶት አይደለም። ግን ሦስት ቁና ማሽላ ድንጋዩ ሥር አለው። ክንፍ ቁና አይሸከምም። በምንቃሩ አንድ አንድ ፍሬ እያነሣ ማዶ ወዳለው ቁጥቋጦ ማጓጓዝ ጀመረ። አንዷን ሲያደርስ፣ መንገድ አድክሞታልና አንዷን ይበላል። በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ገና የመጀመሪያውን ቁና ሩብ አላደረሰም፤ ሆዱ ግን መሬት ይነካ ነበር።

ጓንጉል ወይራውን ጠመንጃ ይዞ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ቆቁ ሊነሣ ክንፉን አራገበ፤ ከጉልበት በላይ አልወጣም። ወርዶ ቆመና ለመጨረሻ ጊዜ ምክር ሞከረ።

«አያ ጓንጉል፣ እኔን ቢገድሉኝ ወደ ፊት ማን ይመክርዎታል?»

ጓንጉል እንደ ልማዱ አሰበበት፤ መልሱን ግን ለማግኘት ብዙ አልደከመም። «የቤቴን በር የከፈተችልኝ ሴት አለች» አለውና ቃታውን ሳበ።

የዚያን ቀን አንጓች ድስት ጣደች። ቆቁ በነሱው ማሽላ ሰብቶ ኖሮ ስቡ ከላይ ተንሳፈፈ። ልጆቹ ዙሪያውን ከበው በሉ። አንጓች አንድ ጉርሻ ለባሏ አጎረሰችውና፣ ምክሩ ባይረባም ሥጋው ይረባል አለችው። ጓንጉል ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ትከሻው ግን ሲስቅ አሁንም ያመው ነበር።

የቀረችውን ግማሽ ማሳ ጠብቆ አስገባት። ዓመቱ ቀላል አልነበረም። በሐምሌ ጎተራው ተራቁቶ ጎመንና የፍየል ወተት ብቻ የበሉበት ሳምንት ነበር፤ ትንሿ ልጅ ታማ ስታስፈራቸው፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት ጓንጉል ከወንዝ ማዶ ሚዳቋ ጥሎ መጣና መረቁ መለሳት። እንዲህ እንዲህ ብለው መኸር ደረሱ። ልጆቹም አድገው አዳኝ ሆኑ፤ ጠመንጃ ሲገዙ በየቤቱ እየዞሩ አልጠየቁም፤ አንሥተው ትከሻቸው ላይ ያደርጉት ነበር።

የወረደልኝን አወረድኩላችሁ፤ የጎደለ ካለ ወንዝ ሳሻግረው የፈሰሰ ነው። የዚያ አገር ሰዎች ግን እስከ ዛሬ፣ አንድ ሰው ለጥቅሙ ምክር ፍለጋ ወደማይሆን ደጅ ሲሄድ ያዩ እንደሆነ እንዲህ ይላሉ፦

ለጠመንጃ ምርጫ ቆቅ አይማከርም፤ ቢማከርም እግሩ እንጂ አፉ አይታመንም።